ንግሥቲቱ ያላየቻቸው አልጋዎች

ጥር 27 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የቶሮንቶ የምድር ውስጥ ባቡር ከኬኔዲ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲገሰግስ ነገሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ ሰኞ ማታ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ካርቱም የሚወስዳቸው ትኬት ተቆርጦላቸዋል። ሻንጣቸው በገመድ ታስሮ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ባለ አንድ ሕንጻ አስራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቤታቸው በር አጠገብ ቆሟል። ዕድሜያቸው ሰባ ነው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ የሚተኙት በሦስት ትራስ ነው፤ ማታ ማታም ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል። የሚሄዱት ልጃቸውን አስር አለቃ ገረመው በላቸውን ለመፈለግ ነው። ገረመው ሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ ከገባበት ሆስፒታል ድኖ፣ በእግሩ ወጥቶ፣ ወደ ሱዳን እንደተሻገረ ያምናሉ። የሚያውቋቸው ሁሉ እንደዚያው ያምናሉ። አለመሆኑን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም በዚያ ባቡር ሦስተኛ ፉርጎ ውስጥ የመቆሚያውን ብረት ይዛ ቆማለች።

ስሟ ኤልፍነሽ ነው፤ የአርባ ዓመት ሴት ናት። በወጣትነቷ የጦር ሠራዊት ነርስ ነበረች። በ1983 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር፣ በከሰላ በኩል ወጥታ ቶሮንቶ ከገባች ወዲህ ስካርቦሮ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ታገላብጣለች። የነርስነት ፈቃዷን ለማግኘት ዘንድሮ ውጭ አገር ለተማሩ ነርሶች የሚሰጠውን ኮርስ ጀምራለች።

ያንን ውሸት የተናገረችው ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። የአንድ የሰፈር ሰው አባት አርፈው ሰው ተሰብስቦ ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ አጠገቧ ተቀመጡና፣ «ሰሜን፣ ጦር ሆስፒታል ነርስ ነበርሽ አሉኝ። ልጄን ታውቂው ይሆን?» ብለው ስሙን ከነአባቱ ነገሯት። ኤልፍነሽ ስሙን አወቀችው። ነገር ግን በሰው ለቅሶ ላይ የሌላ ሰው መርዶ አይነገርም። መርዶ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሽማግሌ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገር። አንዲት እንግዳ ሴት ንፍሮ በእጇ ይዛ የምትናገረው ነገር አይደለም። ስለዚህ «አውቀዋለሁ፣ እማማ። ድኖ ወጣ» አለች።

በማግስቱ ሽማግሌ ፈልጋ ልታስተካክለው አስባ ነበር። በማግስቱ ሺፍት ገባች። በሳምንቱ ወይዘሮ አሰፋሽ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቅፈው ሳሟት፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከበዳት። «ድኖ ወጣ» ያለችው በዓመቱ «በእግሩ ወጣ» ተባለ። በሁለተኛው ዓመት «ወደ ሱዳን» የሚል ተጨመረበት። ሱዳንን የጨመረችው እሷ አይደለችም። ግን ሰምታ ዝም ብላለች።

ባቡሩ መሀል ከተማ ደረሰ። ኤልፍነሽ ወርዳ በበረዶው ላይ ስምንት ደቂቃ ተራመደችና ወደ ሥዕል ሙዚየሙ ገባች።

የኮርሱ መምህርት ሄለን ፕራት ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገለች፣ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ተማሪዎቿን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሙዚየም ታመጣለች። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሥዕል ፊት አርባ ደቂቃ መቀመጥ፣ ያዩትን ብቻ መጻፍ።

«ያያችሁትን ነው ያልኩት» አለች ሄለን በእንግሊዝኛ። «የተሰማችሁን አይደለም። 'አዘነች' ብሎ የጻፈ ይሰርዝ። ዓይኗ ወዴት እንደሚያይ ጻፉ። በሽተኛ ክፍል ስትገቡ የምትሠሩትም ይኼንኑ ነው።»

ሥዕሉ ከእንግሊዝ አገር በውሰት የመጣ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ከክራይሚያ ጦርነት የተመለሱ ቁስለኞችን ንግሥቲቱ ስትጎበኝ ያሳያል። ኤልፍነሽ ወንበሯን አስተካክላ መጻፍ ጀመረች።

ንግሥቲቱ መሀል ላይ ቆማለች። ጥቁር ሰማያዊ ሻል ደርባለች። በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች፤ ወደ አፍንጫዋ አላስጠጋችውም። ከኋላዋ ባሏና አንድ ሐኪም አሉ። ቁስለኞቹ አስራ አንድ ናቸው። ስድስቱ ቆመዋል፤ አራቱ ተቀምጠዋል፤ አንዱ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል። በጀርባው የተኛ የለም። የአንደኛው ባዶ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ እጥፋቱ ተተኩሷል። ፋሻዎቹ ነጭ ናቸው፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተቀየሩ ናቸው። ደም የሚታየው በአንድ ግንባር ላይ ነው፤ ስፋቱም የአንድ ሳንቲም ያህላል። ባልዲ የለም። ገንዳ የለም። ዝንብ የለም።

ሃያ ስምንት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ወለሉን ማየት ጀመረች። ወለሉ የእንጨት ነው፤ በእግር ብዛት ጠቁሯል። በግራ በኩል፣ በመጨረሻው አልጋና በግማሽ በተከፈተ አንድ በር መካከል ግን ከሌላው ወለል ፈዘዝ ያሉ አራት ቦታዎች ነበሩ። አራቱም እኩል ናቸው፤ አራቱም አልጋ ያክላሉ። በበሩ አጠገብ አንድ አስታማሚ ወታደር ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ንግሥቲቱን የማያየው እሱ ብቻ ነው። የሚያየው በሩን ነው።

እርሳሷ እዚያ ላይ ቆመ። የቀረውን አስራ ሁለት ደቂቃ ምንም አልጻፈችም።

ሰዓቱ ሲያበቃ ሄለን እየዞረች ጠየቀች። አንዷ ስለ ንግሥቲቱ ደግነት ጀመረችና ራሷ ሰረዘችው። ሪድዋን እጁን አወጣ። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ፤ በክፍሉ ካሉት አማርኛ የምታወራው ከእሱ ጋር ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ወታደር ጫማው አዲስ ነው» አለ። «ከጦር ሜዳ የመጣ ቁስለኛ አዲስ ጫማ ከየት አባቱ አመጣ?»

ሁሉም ሳቁ። ሄለንም ፈገግ አለች። «ጥሩ ዓይን ነው። ኤልፍነሽስ?»

«አራት አልጋ ጎድሏል።»

ሄለን ወደ ሥዕሉ ዞረች። «የት?»

ኤልፍነሽ በጣቷ ሳትነካ አሳየቻት። ሄለን ጎንበስ ብላ አየች። «ከመስኮት የገባ ብርሃን ሊሆን አይችልም?»

«መስኮቱ በቀኝ ነው። የሰዎቹ ጥላ በሙሉ ወደ ግራ ዘሟል። እነዚህ አልዘመሙም፤ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብለው ነው ያሉት። አልጋ ለረጅም ጊዜ የቆመበት ቦታ ሰው ስለማይረግጠው አይጠቁርም። ሠዓሊው ወለሉን እንዳየው ሥሎታል። ምን እየሣለ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።»

ሄለን ይበልጥ ልትጠጋ ስትል ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና አለች። «አልጋዎቹን ለምን ያወጧቸዋል?»

«ለሽታው። ንግሥቲቱ መሐረቧን ወደ አፍንጫዋ እንዳታነሳ።»

«ይህን ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም። እንዴት ነው ያወቅሽው?»

ኤልፍነሽ ልትመልስ አላሰበችም ነበር። «ሠርቼዋለሁ» አለች።

ሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ነው። ኤልፍነሽ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ማዕረጓ ሃምሳ አለቃ። የሰሜኑ ጦር ተመትቶ ቁስለኛው በኡራል መኪና እየተጫነ ይራገፋል። በእሷ ክፍል አርባ አልጋ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ቁስለኞችን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። በዋዜማው የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል እየዞሩ፣ በያዟት አጭር ዱላ አልጋ እየነኩ መረጡ። የሚሸቱት፣ የሚጮኹትና ፊታቸው የተቃጠለው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት ይወጣሉ። አስራ ሁለት ሰው ሆኑ። ሰላሳ አንደኛው አልጋ የአስር አለቃ ገረመው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሆዱ ተመትቶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ቁስሉ ማመርቀዝ ጀምሯል። በአፉ ምንም እንዲወስድ ስለማይፈቀድለት የሚኖረው በሚንጠለጠልለት ጉሉኮስ ነው።

የጉሉኮስ መስቀያ ብረቱ በክፍሉ ዘጠኝ ብቻ ነበር። ኮሎኔሉ ዘጠኙም ፊት ለፊት፣ ጎብኚው በሚያልፉበት መስመር እንዲቆሙ አዘዙ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኤልፍነሽ የገረመውን አልጋ ከአንድ አስታማሚ ጋር ተሸክማ አወጣች፤ ከዚያ ብረቱን ነቀለች፤ ጉሉኮሱንም እጁን ብቻ ለቆሰለ፣ ለማያስፈልገው ሰው፣ ለዓይን ሰቀለችለት።

«ሲስተር» አላት ገረመው። «እኔ አልታይም ማለት ነው?»

«ለአንድ ሰዓት ነው» አለችው። ከንፈሩን በእርጥብ ፋሻ አራሰችለትና በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች።

ባለሥልጣኑ ይመጣሉ የተባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። የደረሱት አራት ሰዓት ላይ ነው። እሷ አዲስ ሽርጥ ለብሳ በር ላይ እንድትቆም ታዛ ነበር፤ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ባለሥልጣኑ ለእያንዳንዱ ቁስለኛ አንድ ፓኮ ሲጋራና አንድ እሽግ ብስኩት አደሉ። ፎቶ ተነሱ። አምስት ሰዓት ላይ ወደ ዕቃ ቤቱ ስትሮጥ ገረመው ሰውነቱ ገና ሞቃት ነበር፤ ትንፋሽ ግን አልነበረውም። ያን ዕለት በዚያ ክፍል ሞት እንዳይመዘገብ ተብሎ ስለነበር፣ በመዝገቡ ላይ ከስሙ ፊት ለፊት «ተዛውሯል» ብላ ጻፈች። ጽሑፉ የእጇ ነው። የት እንደደረሰ ሳይታወቅ አስራ ስድስት ዓመት የኖረው በዚያች ቃል ነው።

ኮት ማስቀመጫው ጋ ሪድዋን ሻርቡን እየጠመጠመ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ንግሥቲቱን እኮ ኢንስፔክት አደረግሻት! መቶ ሃምሳ ዓመት ማንም ያልያዛትን ሴት!»

«አትቀልድ፣ ሪድዋን።»

«እኔማ ያየሁት ጫማ ነው። የድሬ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው...» ፊቷን አየና አቋረጠ። «ምንድነው? ሠርቼዋለሁ ያልሽው ምንድነው?»

መንገድ ላይ የጎዳና ባቡሩን ሲጠብቁ ነገረችው። በቅደም ተከተል ነበር የነገረችው፤ መጀመሪያ ሆስፒታሉን፣ ቀጥሎ ለቅሶ ቤቱን፣ ቀጥሎ ትኬቱን። ሁለት ባቡር አለፋቸው።

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ሰኞ ማታ። በዚያ ልብ ከሰላ አይደርሱም። ቢደርሱም የሚያገኙት ሰው የለም። ቁጭ ብለው ሰው ሲጠይቁ ነው የሚሞቱት።»

ሪድዋን እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ አሰበ። «ሞቷል በያቸው። ዋላሂ፣ ይበቃል። ሐኪም እያከመው አልጋው ላይ አረፈ በይ። ብረቱን፣ ዕቃ ቤቱን ማን ጠየቀሽ? አንቺን እንዲቀልሽ ብለሽ እሳቸው ላይ ልትጭኚው ነው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለች ኤልፍነሽ። «ግን የመጀመሪያውንም ያልኩት እንዲቀላቸው ብዬ ነው። አሁን ሻንጣ አስረዋል።»

ውቢት የወይዘሮ አሰፋሽ ሴት ልጅ፣ የገረመው ታናሽ እህት ናት። እናቷን ስፖንሰር አድርጋ ያመጣችው እሷ ነች። በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ትቀበላለች። ኤልፍነሽ በዚያው ዕለት ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ውቢት ከሥራ ስትወጣ ጠብቃ በሕንጻው መግቢያ ነገረቻት። ውቢት ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«አራት ዓመት» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ቤታችን ስትገቢ፣ ስትወጪ! በየበዓሉ 'ለኤልፍነሽ አድርሺላት' እያለች ድፎ የምታስይዘኝ!»

«አዎ።»

«አዎ ብቻ? ትኬቱን እኮ ቡክ ያደረግኩት እኔ ነኝ! በእጄ ልልካት ነበር!» አለቀሰች። ለወንድሟ ይሁን ለእናቷ ለራሷም አልለየላትም። ከዚያ ፊቷን በሻርቧ ጠረገች። «አሁኑኑ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ማታ መርዶ አይነገርም፣ ውቢት። ብቻሽንም አይሆንም። ልባቸውን ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ማለዳ ይሁን። እኔም መድኃኒታቸውን አዘጋጅቼ አጠገብ እሆናለሁ።»

«ነገ ዓርብ ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ቅዳሜ ነው የሚሰበሰበው። ሁለት ማታ አብሬያት እራት ልበላ?»

«ሁለት ማታ» አለች ኤልፍነሽ።

የእድሩ ሰብሳቢ ሻምበል ዘመድኩን ናቸው። በምድር ጦር ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል፤ ዛሬ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ ለዚያም ሥራ ከረባት ያስራሉ። ዓርብ በምሳ ሰዓታቸው ኤልፍነሽ ሄዳ፣ በመስታወት በተከለለችው ጠባብ ክፍላቸው ቆማ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ሰሟት።

«በጦር ሜዳ ወደቀ እላለሁ» አሉ።

«ሆስፒታል ነው የሞተው፣ ሻምበል።»

«ሰምቻለሁ። ልጄ፣ እኔ ሰላሳ ሁለት መርዶ ተናግሬያለሁ፤ እዚያም እዚህም። ለእናት የሚነገረው ሁለት ነገር ነው። ሞተ፤ በክብር ሞተ። ሦስተኛ ነገር የለውም።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«መርዶ ነጋሪ አንድ ነው። አንቺ መድኃኒትሽን ይዘሽ ከኋላ ትቆሚያለሽ።» አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ሻምበል የመውጫውን እንጨት አነሱለትና ተመለሱ። «አንቺም ወታደር ነበርሽ። ትእዛዝ ነው።»

ኤልፍነሽ ወታደራዊ ሰላምታ ልትሰጥ ምንም አልቀራት። ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት ለኮሎኔሉ «አቤት ጌታዬ» ያለችበትን ድምፅ ጉሮሮዋ ውስጥ አገኘችው። ሳትመልስላቸው ወጣች።

ቅዳሜ ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰው ከሕንጻው በር ላይ ተገናኘ። ጥቁር ልብሳቸውን ከክረምት ካፖርታቸው ሥር ለብሰውታል፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው በላስቲክ ይዘዋል። የወይዘሮ አሰፋሽ የነፍስ አባት አባ ራጉኤል መስቀላቸውን በጓንት እጃቸው ይዘዋል። ከሁለቱ አሳንሰሮች አንዱ ተበላሽቶ ስለነበር በሁለት ዙር ወጡ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ አስራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በጠባቡ ኮሪደር፣ ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው የቀሩትን ጠበቁ። አንድ በር ተከፍቶ አንዲት የፊሊፒንስ ሴት በጎናቸው ወደ ሥራ አለፈች፤ አይታቸው አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ውቢት ከውስጥ ከፈተች። ወይዘሮ አሰፋሽ ተነስተው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነበር። መጽሐፉን ሳይዘጉ ቀና አሉ። ከሻምበል እስከ አባ ራጉኤል አንድ በአንድ አዩ።

«ማንን ነው?» አሉ። «ውቢት ይቻትና። ሌላ ማን አለኝ?»

ሻምበል ዘመድኩን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እማማ አሰፋሽ፣ እግዜር ያጥናዎት። ገረመው አርፏል። በዚያው ዘመን፣ በጦር ሜዳ፣ ለአገሩ ሲዋጋ ነው የወደቀ። የጀግና እናት ነዎት።»

ሴቶቹ ጮኹ። ወይዘሮ አሰፋሽ ግን አልጮኹም። እጃቸውን አነሱ፤ ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

«በጦር ሜዳ?» አሉ። «ይቺ ልጅ ሆስፒታል አየሁት ብላኛለች። በእግሩ ወጣ ብላኛለች። ከሁለታችሁ ማነው የሚዋሸኝ?»

ሻምበል ኤልፍነሽን አዩ። ኤልፍነሽ መድኃኒቱን ለውቢት ሰጠችና ወደ ፊት መጣች። ተንበረከከች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። በእግሩ አልወጣም። ሆስፒታል ነው የሞተው። ያን ቀን ለቅሶ ቤት ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ ሻምበል።

«ተዋት» አሉ ወይዘሮ አሰፋሽ። «ትናገር።»

ተናገረች። ያየችውን ብቻ፣ በሆነበት ቅደም ተከተል። የሆዱን ቁስል፣ የኮሎኔሉን ምርጫ፣ ዕቃ ቤቱን፣ ብረቱን፣ የባለሥልጣኑን መዘግየት፣ «ተዛውሯል» የሚለውን ቃል። «ታዝዤ ነው» አላለችም። ታዛ ነበር፤ ግን ብረቱን የነቀለው እጅ የእሷ ነው። ስትጨርስ ወይዘሮ አሰፋሽ ጠየቋት።

«አንቺን ሲያናግርሽ ምን አለ?»

«'እኔ አልታይም ማለት ነው?' አለኝ።»

ወይዘሮ አሰፋሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ከፈቱ። «ውኃ ጠይቋል?»

«ጠይቋል። ለሆዱ ስለማይፈቀድ አልሰጠሁትም። ከንፈሩን አራስኩለት።»

«ስንት ሰዓት ቆየ፣ እዚያ?»

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው። መቼ እንደሞተ አላውቅም። አምስት ሰዓት ላይ ስደርስ ሰውነቱ ሞቃት ነበር።»

«ሰው ነበር አብሮት?»

«አስራ አንድ ቁስለኞች ነበሩ። የቆመ ሰው አልነበረም።»

«ያንን ብረት ባትወስጂበት ኖሮ ይድን ነበር?»

ሻምበል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ አይድንም በይ ማለታቸው ነው። ኤልፍነሽ ለዚህ ጥያቄ አስራ ስድስት ዓመት መልስ ስትፈልግ ኖራለች።

«አላውቅም፣ እማማ። ይድን ነበር ብዬ አልምልም። አይድንም ነበር ብዬም አልምልም።»

ወይዘሮ አሰፋሽ አዩዋት። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። ውቢት ክኒኑን አቀረበችላቸው፤ በምላሳቸው ሥር አደረጉት።

«ከቤቴ ውጪ አልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «ከለቅሶ ሰው አይባረርም። ግን ፊት ለፊቴ አትቀመጪ።»

ኤልፍነሽ ተነስታ ከሴቶቹ ኋላ፣ ወደ ማድ ቤቱ መግቢያ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወይዘሮ አሰፋሽ ወደ አባ ራጉኤል ዞሩ። «ፍትሐት አልተፈታለትም፣ አባ። ይኖር ይሆናል ብዬ ነው። በቁሙ እንዳልቀብረው ብዬ። የክርስትና ስሙ ወልደ ኢየሱስ ነው። ይጻፉልኝ።» አባ ራጉኤል ጓንታቸውን አውልቀው በትንሽ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ወይዘሮ አሰፋሽ ስሙ ሲጻፍ እስኪያዩ ጠበቁ፤ ካዩ በኋላ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ልጃቸውን ጠሩ። የቀሩት ሴቶችም ተከተሏቸው። ድምፁ በኮሪደሩ እስከ አሳንሰሩ ይሰማ ነበር። ከታች የመጣው የሕንጻው ጠባቂ በሩ ላይ ቆሞ፣ አይቶ፣ ተመለሰ።

ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ኤልፍነሽ ሦስቱንም ቀን ሺፍቷን ለሰው ሰጥታ መጣች፤ ሳህን አጠበች፣ ጫማ አስተካከለች፣ በየስምንት ሰዓቱ የመድኃኒቱን ሰዓት ለውቢት በእጇ ምልክት ሰጠች። ሁለተኛው ቀን ላይ ሻምበል ዘመድኩን ማድ ቤት ገብተው አጠገቧ ቆሙ። «ሰላሳ ሦስተኛዬ ነው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይናገር።» ውኃ ጠጥተው ወጡ። ሰኞ ማታ አውሮፕላኑ ሲነሳ ወይዘሮ አሰፋሽ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተኝተው ነበር።

በሳምንቱ ዓቢይ ጾም ስለገባ ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት ተደገሰ። ወይዘሮ አሰፋሽ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከኤልፍነሽ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰባ አንድ እሑድ አስቀድሰዋል። ሰላምታ የተለዋወጡት ሁለት ጊዜ ነው።